ከአንድ ቦታ የተለካ አቅጣጫ

«ዛሬ ሐሙስ፣ ጥቅምት አሥራ አራት ቀን ነው» ብሎ ይጀምራል በያጁ፣ ሬዲዮውን በከፈተ ቁጥር። ቀጥሎ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የአያቱን ስም ሳያጓድል ይናገራል። ይህን ጨርሶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አድማጭ ካለ ይመልስልኝ» ይላል። የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ አባላት ሁሉ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አጭር መለያ ተሰጥቷቸው በዚያው ሲጠራሩ፣ በያጁ ብቻ አሻፈረኝ ብሎ ቀረ። ፊደልና ቁጥር አፍ ያለው ሁሉ ሊጠራው ይችላል፤ የእሱን አያት ግን ከእሱ በቀር ማን ያውቃቸዋል? የማኅበሩ ቀልደኛ የነበረው ፀጉር አስተካካይ በዚህ ሳቢያ «ሙሉ ስም» የሚል ቅጽል አወጣለት፤ ቅጽሉም እንደ ቀለም ተጣበቀበት።

ወደ ማኅበሩ የገባበት መንገድ ራሱ ከሌላው ሰው የተለየ ነበር። ሌሎቹ ሬዲዮ ወደው ወይም ሰው ለመርዳት ብለው ሲገቡ፣ እሱ የገባው ለመጠርጠር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ የአንቴና ምሰሶ እንዲበይድ ተጠርቶ ሄደ። ምሰሶውን አቁሞ ሲወርድ፣ ከታች ባለችው ጠባብ ክፍል ማዳመጫ በጆሯቸው ያጠለቁ ሰዎች «ተቀብያለሁ»፣ «ድገምልኝ» እየተባባሉ አገኛቸው። ምን እንደሚሠሩ ጠየቀ። ጎርፍ ሲመጣ፣ እሳት ሲነሣ፣ ስልክ ሲቋረጥ በሐኪምና በተጎዳ ሰው መካከል መልእክት እናመላልሳለን አሉት። ደመወዛችሁ ስንት ነው አለ። ደመወዝ የለንም አሉት። ያላማረው ይኸው ነው። በነፃ የሚሠራ ሰው ያልተናገረው ነገር አለ ብሎ ያምን ነበር። በሳምንቱ ብየዳውን ለማየት ነው ብሎ ተመልሶ መጣ፤ በሌላውም ሳምንት ብየዳውን ለማየት መጣ። ብየዳ እንደ አራስ በየጊዜው አይጠየቅምና፣ ማኅበሩን የሚመሩት በዕድሜ የገፉ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏቸው፣ ወንበር ስበው «ከመቆም ተቀምጠህ ጠርጥረን» አሉት። ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ።

ታናሽ ወንድሙ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ነጂ ነው። ወላጆቻቸው ተከታትለው ሲያልፉ ሙሉ ስም አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ብረታ ብረት ቤት ገባ፤ ታናሹን በብየዳ ጭስና በእሳት ፍንጣሪ መካከል አሳደገው፣ አስተማረው፣ መንጃ ፈቃድ አስያዘው። ስለዚህ ነገር ሰው ሲያመሰግነው ፊቱን ያጠቁራል፤ ምስጋና የሚያበዛ ሰው ቀጥሎ ምን ሊለምን እንደሆነ አይታወቅም። ወንድሙን ግን አይጠረጥርም። ኪሱን ሳይዳብስ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነበር። አምቡላንሱ ላይ የማኅበሩ ሬዲዮ ሲገጠም ማቀፊያውን የበየደው ራሱ ነው። ወንድሙ መስመር ላይ በገባ ቁጥር እንደ ደንቡ ይጀምርና መጨረሻው ላይ «ጋሼ፣ ምሳ በላህ?» ሳይል አይወጣም። ሙሉ ስም ይህን ከደንብ የወጣ ወሬ ሁልጊዜ ይገሥጻል፤ ሳይመልስለት ግን ቀርቶ አያውቅም።

ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ። ፀጉር አስተካካዩ በልምምድ ቀን መስመሩ ላይ ያፏጫል፣ ይቀልዳል፤ ሙሉ ስም በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ይህ ሰው ይባረርልኝ ብሎ አመለከተ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ፣ «አንተ ስምህን ተናግረህ እስክትጨርስ የታመመው ሰው ድኖ ቤቱ ይገባል» ብሎ ጉባኤውን አሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ስም ይህን ሰው በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀው ነበር። አንድ ቀን፣ እኔን ለመጉዳት ሲል መስመሩን ይዘጋዋል ብሎ ለወንድሙ ደጋግሞ ነግሮታል።

ገበያው የተቃጠለ ዕለት፣ ሁከቱ የጀመረው ገና ረፋዱ ላይ ነው። አሮጌውን ገበያ አፍርሰው ለአዲስ ባለቤት ሊያስረክቡ የተቀጠሩ ዘበኞችና በዚያ ገበያ ዕቃ በመጫን የሚተዳደሩ ተሸካሚዎች በሩ ላይ ተፋጠጡ። ከዘበኞቹ አንዱ የአንድ ተሸካሚ ራስ በብረት ዘንግ ፈነከተ። የተፈነከተው ሰው ከመውደቁ በፊት ደሙን በእፍኙ ይዞ ለጓደኞቹ አሳያቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሊያቆም የቻለ አልነበረም። አንድ ዘበኛ ከመጋዘን ጣሪያ ላይ ተገፍትሮ በመሸጫ መደቦቹ ብረት ላይ ወደቀ። የጨርቅ ተራው ተቀጣጠለ። የሚሮጡት ከሚያባርሯቸው ተቀላቅለው ማን ማንን እንደሚመታ እስኪጠፋ ድረስ በድንጋይ፣ በዱላ፣ በሚዛን ብረት ተደባደቡ። እኩለ ቀን ሳይሆን ስልክ ተቋረጠ።

የጤና ጣቢያው ኮሪደር በደም ረጥቦ ሰው ያንሸራትት ነበር። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ የወጣ ሰው ባልና ሚስት ተሸክመው ያስገባሉ፤ ሚስትየዋ የእሷም ጆሮ እንደተቀደደ አላወቀችም። ሲስተር ሬዲዮውን በመርፌና በፋሻ ሳህኖች መካከል አስቀምጠው፣ በአንድ እጅ ቁስል እየጫኑ በሌላው መነጋገሪያውን ይዘው ያዝዙ ነበር። ሙሉ ስም አጠገባቸው ተቀምጦ የሚመጣውን መልእክት ያዳምጣል። ፀጉር አስተካካዩ በዋናው መንገድ ላይ ካለው ሱቁ ሆኖ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋና የትኛው እንደተከፈተ በራሱ ሬዲዮ እንዲነግራቸው ተስማምተዋል። ሱቁን ጥሎ እንዲመጣ ሲስተር ቢለምኑትም፣ መስተዋቶቼን ትቼ የትም አልሄድም ብሎ ነበር። ይህ ሰው ተሸካሚውንም ዘበኛውንም ይላጫል። ሁለቱንም የሚላጭ ሰው ለማን ነው የሚሠራው? ሙሉ ስም ይህን በልቡ ሲያመላልስ አረፈደ።

ከቀትር በኋላ የወንድሙ ድምፅ መጣ። ከወንዙ ማዶ ሆዱን በጩቤ የተወጋ ተሸካሚ መጫኑን፣ ሰውየው ብዙ ደም እንደሚፈስሰው፣ ድልድዩ አካባቢ ግን ዱላ የያዙ ሰዎች እንደሚታዩት ተናገረ። በየት በኩል ልመለስ ብሎ ጠየቀ። ሲስተር ፀጉር አስተካካዩን ጠሩት። ፀጉር አስተካካዩም፣ ጥቂት ታገሡኝ፣ ወጥቼ መንገዱን ልይና እነግራችኋለሁ አለ። ሁሉም ጠበቁ።

የመጣው ግን መልስ አልነበረም። ሬዲዮው ላይ አንድ የታፈነ እምምታ ሞላ፤ አልቋረጥ፣ አልጠነክር፣ አልደክም አለ። ሥራውን የሚያውቁ ሁሉ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። አንድ ሰው የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞታል፤ እሱ እስካልለቀቀ ድረስ ሌላው ሁሉ ቢጮህ አይሰማም። በዚህ ጊዜ የማኅበሩ ደንብ፣ እያንዳንዱ መጀመሪያ የራሱን ሬዲዮ ያጥፋ የሚል ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አጠፉ። አንዷ ማዳመጫ ብቻ ቀረች፤ እምምታው ግን እንደነበረ ነው።

«ቁልፍ ተጣብቆበት ይሆናል ለአንዱ» አሉ ሲስተር።

«ለየትኛው?» አለ ሙሉ ስም። «መልስ ሊሰጥ ተራው የደረሰው ማን ነበር?»

ሲስተር ቀና ብለው አዩት። ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ግድግዳ መግፋት እንደሆነ ያውቃሉ። «ውጣና ፈልገው» አሉት። «ግን ከሁለት ቦታ ለካ። አንዱ ልኬት ወዴት እንደሆነ ብቻ ነው የሚነግርህ፤ የት እንደሆነ አይነግርህም።»

አቅጣጫ መፈለጊያውን የእጅ አንቴና ከውኃ ቧንቧና ከተቆራረጠ የሜትር መለኪያ ብረት የሠራው ሙሉ ስም ራሱ ነው። ከሬዲዮ ጋር አያይዘው ሲያዞሩት፣ ወደ ሞገዱ ምንጭ በዞረ ጊዜ የሬዲዮው መለኪያ ይሞላል። አባላቱ አልፎ አልፎ ድብብቆሽ የሚሉት ልምምድ ነበራቸው፤ አንዱ የሬዲዮውን ቁልፍ በጨርቅ አስሮ ይደበቃል፣ ሌሎቹ በአንቴና እየተከተሉ ያድኑታል። ሁለት ቦታ ቆሞ የለካ ሰው ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ሄዶ ተደባቂውን ያገኘዋል። ሙሉ ስም በዚህ ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም። የመጀመሪያውን አቅጣጫ ካገኘ በኋላ ሌላ መለካት ሰውን እንደ መለማመጥ ይቆጥረው ነበር።

መንገዱ በጎማ ጭስ ጠቁሯል። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ በግንባሩ የተደፋ ሰው ነበር፤ ጫማዎቹን ወስደውበታል። ድንጋይ ከሁለት ወገን ይመጣል። ሙሉ ስም ጎንበስ እያለ ሮጦ የወፍጮ ቤቱ የቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ተጠለለ፤ ጀርባውን ለቆርቆሮው ሰጥቶ አንቴናውን ቀስ ብሎ አዞረ። መለኪያው ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ሞላ። ቀና ብሎ በቧንቧው ጫፍ ሲመለከት ከፊቱ ያለው የፀጉር አስተካካዩ በር ነበር። በዚያች ቅጽበት አንድ ድንጋይ ጆሮ ግንዱን መታው። ሞቅ ያለ ነገር አንገቱ ላይ ወረደ። ወንድሙ ወዲያ ማዶ በየት ልመለስ እያለ ሰው ሲሞትበት ይታየው ነበር። ሁለተኛ ቦታ የሚባል ነገር ከአእምሮው ጠፋ።

ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ባለ ሉካንዳው ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ቆሟል። ሱቆቻችን እንዳይቃጠሉ እንጠብቃለን ብለው የብረት ዘንግና የሥጋ መቁረጫ የያዙ ሰዎች ናቸው። ባለ ሉካንዳው የሙሉ ስምን ደም አይቶ ማን ነው የመታህ አለው። ሙሉ ስም ስለ ድንጋዩ ሳይሆን በልቡ ስለነበረው ተናገረ።

«ያ ፀጉር አስተካካይ የአምቡላንሱን መስመር ዘግቷል። ወንድሜን ሊያስገድለው ነው።»

«በሬዲዮ?» አለ ባለ ሉካንዳው።

«በሬዲዮ።»

ባለ ሉካንዳው ወደ ሰዎቹ ዞረ። «አላልኳችሁም? ቤታችን በማን ጥቆማ እየተቃጠለ መሰላችሁ?»

ሙሉ ስም ይህን አላለም። አላልኩም ለማለት አፉን ሲከፍት ግን ሰዎቹ መንገዱን ተሻግረዋል።

ፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ መስመሩ ሲለቀቅ መልስ ለመስጠት ይጠባበቅ ነበር። በሩ ሲገነጠል ቀና አለ፤ የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። የሚላጩበትን ወንበር አንሥተው መስተዋቱን አደቀቁት። ሽርጡን አንገቱ ላይ ጠምዝዘው ወለል ለወለል በስብርባሪው ላይ ጎተቱት፤ ጀርባው እንደ ወንፊት ሆነ። አንዱ ሆዱን በጫማ ይረግጣል፣ ሌላው ለማን ነው የምትሰልለው እያለ በዘንግ ጉልበቱን ይመታል። ባለ ሉካንዳው ቀኝ እጁን ይዞ መቀስና ምላጭ ከሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያም መሳቢያውን በእግሩ መልሶ መልሶ ገፋበት። የሚሰማው ድምፅ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ጮኸ፣ ከዚያ መጮህ አቃተው። ሬዲዮውን ወለል ላይ ጥለው ዓይኑ እያየ በተረከዝ ፈጩት።

ሙሉ ስም በሩ ላይ ቆሟል። ወገቡ ላይ የታጠቃት የእጅ ሬዲዮ እምም እያለች ነው።

ፀጉር አስተካካዩ በደም ከተሞላ አፉ ተነፈሰና፣ ዓይኑን ከባለ ሉካንዳው አንሥቶ በሩ ላይ ወዳለው ሰው አደረገ። «የእኔ ተሰብሯል» አለው። «ያንተን አዳምጥ እስኪ። ቆመ?»

አልቆመም። እምምታው እንደነበረ ነው።

ሙሉ ስም ያን ጊዜ ገብቶ፣ ተዉት፣ እሱ አይደለም አለ። አንዱ ሳያቋርጥ እየመታ ቅድም ነው አልክ፣ አሁን አይደለም ትላለህ፣ አንተስ ለማን ነው የምትሠራው አለው። ሙሉ ስም በመካከላቸው ገባ። በፀጉር አስተካካዩ ላይ ተደፋበት። ዘንጉ የእሱን ጎን አገኘው፤ ከጎድኑ አንዱ ሲሰበር ተሰማው፤ ሁለተኛው ምት ወገቡ ላይ፣ ሦስተኛው የት እንዳረፈ አላወቀም። ያስጣላቸው እሱ አይደለም። ከውጭ አንድ ሰው ሉካንዳው ተቃጠለ ብሎ ሲጮህ፣ ባለ ሉካንዳው መሳቢያውን ለቆ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ሮጡ።

ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሙሉ ስም ፎጣ ፈልጎ የሰውየውን እጅ ጠቀለለ፤ ጣቶቹ የትኛው የት እንደሆነ አይለዩም። ፀጉር አስተካካዩ ግን እጁን አያይም ነበር። ጆሮውን ወደ ሬዲዮዋ አቅርቦ ያዳምጥ ነበር።

«ሞተር ነው» አለ ቆይቶ። «ከእምምታው በስተኋላ ቆሞ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር አለ። በጓሮ ውጣና ከዚያ ለካ።»

ሙሉ ስም ጎኑን ይዞ በጓሮው በር ወጣ፤ አንቴናውን አዞረ። መለኪያው የሞላው ወደ ወንዙ፣ ወደ ድልድዩ በኩል ሲሆን ነው። አንቴናውን አወረደና እንደገና አዞረ። ድልድዩ ነው።  መስመሩን የዘጋው ሬዲዮ፣ ማቀፊያውን በገዛ እጁ የበየደው የወንድሙ ሬዲዮ ነበር።

ተመልሶ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። መሬቱ ላይ የሚሰፋውን ደም አየ፣ ወደ ወንዙ አየ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«ደምህ እየፈሰሰ ነው።»

«ያስደበደበኝ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እንዲያስታምመኝ አልፈልግም። ሂድ፣ ወንድምህን አምጣ።»

ሄደ። በተሰበረ ጎድን መሮጥ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሮጠበት ነው።

አምቡላንሱ የድልድዩን አጥር ተደግፎ በጎኑ ተጋድሟል፤ ሞተሩ አልጠፋም። ዙሪያውን የከበቡት ዘበኞቹ ነበሩ። ውስጥ ያለው ተሸካሚ ጓደኛችንን ከጣሪያ የገፈተረው ነው፣ አውጡልን እያሉ የኋላውን በር በዲጂኖ ይፈለቅቃሉ። አንደኛው የነዳጅ ታንኩን ክዳን ነቅሎ ጨርቅ እየነከረ ነበር። ሙሉ ስም በሕይወቱ ሰው መትቶ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን በያዘው ቧንቧ ጨርቅ የያዘውን ሰው ከአንገቱ ሥር መታው፤ ሰውየው ሲዞር ፊቱን ደገመው። የሜትር ብረቱ የአንዱን ጉንጭ ሰነጠቀ። ሌላው ከኋላ ሲያንቀው የእጁን ሥጋ በጥርሱ ያዘ፤ ሰውየው እስኪለቅ አለቀቀም። ከዚያ ዲጂኖው ጭኑ ላይ አረፈና ወደቀ። እየረገጡት፣ በደረቱ እየተሳበ፣ እስከ ፊተኛው መስተዋት ደረሰ።

ወንድሙ ውስጥ ነበር። አንድ እግሩ ከመሪው ሥር ተቀርቅሮ፣ በድንጋይ የተመታ መንጋጋው ወደ አንድ ወገን ተንጠልጥሎ፣ ከአፉ ደምና ምራቅ ይወርዳል። መናገር አይችልም። ደረቱ ላይ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል፤ የሬዲዮው መነጋገሪያ ነው። ቁልፉን በፋሻ ጠፍሮ አስሮ፣ የሚደበድቡት ሰዎች እንዳያዩትና እንዳይቀሙት ከጃኬቱ ውስጥ ደብቆታል። አፉ የተሰበረ ሰው በሬዲዮ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በድብብቆሽ እንደለመደው ራሱን እንዲፈለግ አድርጎ፣ ወንድሙ እስኪያገኘው ድረስ ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ወንድሙ እጁን አንሥቶ የመስተዋቱን ስንጥቅ ነካ።

ውኃው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሲስተር ሙሉ ስም ተመልሶ እስኪመጣ አልጠበቁም። እሱ ከወጣ በኋላ ሌሎች ሁለት አባላት ልከው ከጤና ጣቢያው ጣሪያና ከውኃ ማጠራቀሚያው ሥር አስለክተዋል፤ ሁለቱ መስመሮች ድልድዩ ላይ ተገናኙ። አንድ ሰው ሮጦ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ጠራ። ከቧንቧቸው የወጣው ውኃ ዘበኞቹን ከአምቡላንሱ ላይ እንደ ቅጠል ጠረጋቸው፤ አንዱን በአጥሩ ላይ አሽቀንጥሮ ወንዙ ውስጥ ከተተው። ነጂውን ብረት ቆርጠው አወጡት። ተሸካሚው ሞቶ ነበር። ገላው ገና አልቀዘቀዘም። ፀጉር አስተካካዩን ሌሎች አባላት በቃሬዛ አመጡት።

ሲስተር በሌላ ጊዜ ሰው የሚወቅሱ ሴት አይደሉም። የተሸካሚውን ፊት ሸፍነው ሲጨርሱ ግን ሙሉ ስምን፣ «ይህ ሰው ጥቂት ቀደም ብለን ብንደርስለት ኖሮ ለቁስሉ መላ ነበረው» አሉት። ሌላ አልጨመሩም።

የወንድሙ መንጋጋ በሽቦ ታሰረ፤ ለብዙ ጊዜ በቀጭን ቱቦ ሾርባ እየጠጣ፣ በምርኩዝ እየሄደ ቆየ። ጋሼን ምሳ በላህ ወይ ለማለት አሁን እጁን ወደ አፉ ያነሣል። የፀጉር አስተካካዩ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ፤ የቀሩትም መቀስ አይዙም። ሱቁን ለሌላ ሰው አከራየ። ባለ ሉካንዳው ተይዞ ተፈረደበት። ሙሉ ስም ለፍርድ ቤቱ፣ ያመላከትኳቸው እኔ ነኝ ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ ዳኛው ማመላከት ከመምታት ይለያል ብለው አሰናበቱት። ይህ ለእሱ አልተመቸውም። የሚለይበትን ቦታ አስቦ አስቦ አጣው።

ማኅበሩ እንደገና ሲሰበሰብ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሙሉ ስም ተነሣ። በእኔ ምክንያት ለደረሰብህ ነገር ይቅርታ እለምናለሁ አለ፤ ቃሉን ቤቱ ሲለማመድ ነበርና ሳይሰናከል ጨረሰው። 

«ይቅርታህን ለጊዜው ያዝልኝ» አለው ፀጉር አስተካካዩ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን አንቴናው እውነት ወደ እኔ አመለከተ ወይስ አንተ ነህ ያመለከትከኝ?»

 ሙሉ ስም ይህን ጥያቄ በየቀኑ ራሱን ይጠይቅ ነበር። መለኪያው ሲሞላ አይቷል፤ ነገር ግን ገና ከክፍሉ ሳይወጣ ወዴት ሊሄድ እንደሆነ ያውቅ ነበር። እጁ አንቴናውን የት ላይ እንዳቆመው አሁን ምስክር የለም። ከሰማሁት ነገር ያየሁት ይሻላል የሚል ሰው፣ ያየውን ማመን አቃተው። «አላውቅም» አለ፤ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚህ የተሻለ መልስ አልጠበቀም ነበር፣ የተሻለ ውሸትም አልፈለገም።

በማግስቱ ሙሉ ስም የተጣመመውን አንቴና አቃንቶ፣ የተሰበረውን የሜትር ብረት ለወጠ። ወንድሙን ምርኩዙን አስይዞ ወደ ድልድዩ ወሰደውና በአጥሩ ላይ አስቀመጠው፤ ሬዲዮ ሰጠው፤ ቁልፉን ተጭነህ ቆይ አለው። ወንድሙ ምን እንደሚፈልግ ገብቶት ነበርና ቁልፉን ተጫነ። ሙሉ ስም ተመልሶ ወፍጮ ቤቱ ጋ መጣ። ጀርባውን ለቆርቆሮው ሰጥቶ በዚያው ቦታ ቆመ። ወደ ፀጉር ቤቱ ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ አንቴናውን ቀስ ብሎ አዞረ፤ የሬዲዮዋ ድምፅ እስኪጠራ ድረስ ብቻ አዳመጠ። ሲገልጥ ከፊቱ ያለው የፀጉር አስተካካዩ በር ነበር። ሦስቴ ደጋግሞ ሞከረው፤ ሦስቴም በሩ ነው። ከድልድዩ የሚመጣውን ሞገድ ከጀርባው ያለው ቆርቆሮ ይጋርደዋል፤ እሱ ጋ የሚደርሰው ከፀጉር ቤቱ የብረት በር ላይ ነጥሮ የሚመለሰው ብቻ ነው። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ቆርቆሮው ከሚያልቅበት ማዕዘን ወጣ አለና እንደገና ለካ። አንቴናው ዞሮ ድልድዩ ላይ ቆመ።